የሒሳቡ መዝገብና የሸንኮራው እርሻ፤ ስለ ኤሪክ ዊልያምስ «ካፒታሊዝምና ባርነት» የቀረበ ሂስ

በታሪክ ጥናት ክፍላችን ዘንድሮ ከተነበቡት መጻሕፍት ውስጥ የዶክተር ኤሪክ ዊልያምስን «ካፒታሊዝምና ባርነት» ያህል ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ ያከራከረ የለም። አንደኛው ወገን መጽሐፉን አንብቦ እንደ ጨረሰ፣ በዓለም ላይ ርኅራኄ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው ብሎ ደመደመ። ሁለተኛው ወገን በዚህ አባባል ተቈጥቶ፣ ባርነትን ያስቀሩት ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባቸው ደጋግ እንግሊዞች ናቸው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ወገኖች ለብዙ ሰዓት ሲሟገቱ፣ በባርነት የኖሩት ሰዎች ራሳቸው ምን አደረጉ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ዝምታ ነው። ዝምታው የተከራካሪዎቹ ብቻ ሳይሆን በከፊል የመጽሐፉም ነው የሚል እምነት ስላለኝ፣ መጽሐፉ የሚለውን፣ የጸናለትንና የጐደለውን ባጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ደራሲውና የተጻፈበት ምክንያት

ዶክተር ዊልያምስ በ1911 በትሪኒዳድ ደሴት፣ በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ተወለዱ። በዚያ በተማሩበት ትምህርት ቤት ካስተማሯቸው መምህራን አንዱ፣ በ1938 ስለ ሄይቲ አብዮት «ጥቁሮቹ ጃኮቢኖች» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት ሲ. ኤል. አር. ጀምስ ነበሩ። ዊልያምስ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በዚያው በ1938 የዶክተርነት ማዕረግ ያገኙት፣ የባርያ ንግድና ባርነት በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ስለ ቀሩበት የኢኮኖሚ ምክንያት በጻፉት የምርምር ድርሰት ነው። ድርሰቱ ሰፍቶና ተሻሽሎ በ1944 በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በእንግሊዝ አገር ለመታተም ግን ሃያ ዓመት ፈጀበት፤ በለንደን የወጣው በ1964 ነው። በዚያን ጊዜ ደራሲው ነጻነቷን በ1962 ያገኘችው የትሪኒዳድና ቶባጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1981 እስኪሞቱም ድረስ በዚሁ ሥልጣን ቈይተዋል።

መጽሐፉ ከማን ጋር እንደሚሟገት ያላወቀ አንባቢ ቍጣውን አይረዳውም። በ1933 እንግሊዝ ባርነት በአዋጅ የቀረበትን መቶኛ ዓመት ስታከብር፣ የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሬጂናልድ ኩፕላንድ ስለ ፀረ ባርነቱ እንቅስቃሴ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ የእንግሊዝ መምህራን ዘንድ የተለመደው ትረካ፣ ዊልበርፎርስና ጓደኞቹ በስብከትና በጸሎት የሕዝቡን ልብ አራርተው ባርነትን አስወገዱ የሚል ነው። ከባሮች ዘር ተወልዶ፣ በስኳር ደሴት አድጎ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ወጣት ይህ ትረካ እንዴት እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ዘመዶቹን አስሮ የሸጠ አገር ፈታኋቸው እያለ ምስጋና ሲቀበል ይመለከታል። ስለዚህ ዊልያምስ ስብከቱን ትተው የሒሳብ መዝገቡን ገለጡ።

መጽሐፉ የሚለው

የመጽሐፉ ክርክር ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ ባርነት አመጣጥ ነው። በአሜሪካ የተተከለው ባርነት መነሻው የቆዳ ቀለም ሳይሆን የጕልበት ፍለጋ ነበር ይላሉ። መሬቱ ሰፊና ርካሽ ስለ ነበረ ነጻ ሠራተኛ ለሌላ ሰው ተቀጥሮ አይቈይም፤ ትንባሆ፣ ስኳርና ጥጥ የሚያመርት ሰፊ እርሻ ደግሞ የማይሄድ ሠራተኛ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የአገሩ ተወላጆች ተያዙ፤ ቀጥሎ ድኾች ነጮች ለተወሰነ ዓመት በውል ታስረው መጡ፤ አፍሪካዊው የመጣው በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም ለዘለዓለም የሚገዛበት ዋጋ ነጩን ለጥቂት ዓመት ከሚያሠሩበት ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ርካሽ ሆኖ ተገኘ። የዘር ንቀት የባርነት ልጅ ነው እንጂ እናቱ አይደለም ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ክፍል ስለ ትርፉ ነው። ከእንግሊዝ ወደቦች ጨርቅና ብረታ ብረት ጭኖ የተነሣ መርከብ በአፍሪካ ጠረፍ ዕቃውን በሰው ይለውጣል፤ ሰውን በደሴቶቹ ይሸጣል፤ ስኳር ጭኖ ይመለሳል። በዚህ ሦስት ማዕዘን ባለው ንግድ ብሪስቶልና ሊቨርፑል ከበሩ፤ የማንቸስተር የጨርቅ ሥራ ገበያ አገኘ፤ ባንኮችና የኢንሹራንስ ቤቶች ቆሙ፤ የኢንዱስትሪው አብዮትም ካፒታሉን በከፊል ከዚህ ቀዳ ይላሉ።

ሦስተኛው ክፍል የመጽሐፉ አከራካሪ ክፍል ነው። አሜሪካ በ1783 ነጻነቷ ከታወቀላት በኋላ የእንግሊዝ የስኳር ደሴቶች መድከም ጀመሩ፤ ስኳራቸው ውድ ሆነ፤ በሕግ ተጠብቆላቸው የነበረው ገበያ ለአዲሶቹ የፋብሪካ ባለቤቶች ሸክም ሆነ። በዚህም ምክንያት በ1807 የባርያው ንግድ፣ በ1833 ባርነቱ፣ ከ1846 ጀምሮ ደግሞ የደሴቶቹ የቀረጥ መብት ተራ በተራ ተነሣ። ባርነት ያቋቋመው ካፒታሊዝም አድጎ ሲጠነክር ባርነትን አፈረሰው። ደጋጎቹ ሰባኪዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ ቢኖራቸውም ዋና አንቀሳቃሾች አልነበሩም።

የጸናለትና የተሻሻለው

ከሰማንያ ዓመት በላይ በሆነው ጊዜ ውስጥ የዊልያምስ ክርክር እንደ ወርቅ በእሳት ተፈትኗል። ስለ ባርነት አመጣጥ የተናገሩት አብዛኛው ጸንቷል። ባርቤዶስ ከ1640ዎቹ ጀምሮ ወደ ስኳር ስትዞር፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሠራተኛዋ ከነጭ የውል አገልጋይ ወደ አፍሪካዊ ባርያ መለወጡ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ማሻሻያ ያስፈልገዋል። የውል አገልጋዩ ነጭ ምንም ቢገረፍና ቢራብ ውሉ ሲያልቅ ይለቀቃል፤ ልጁም ነጻ ሆኖ ይወለዳል። ባርቤዶስ በ1661 ለባሮች አንድ ሕግ፣ ለነጮቹ አገልጋዮች ደግሞ ሌላ ሕግ አወጣች። የዋጋ ስሌት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ድኻውን እንግሊዛዊ ከነልጅ ልጁ ባርያ ማድረግ ከሁሉ ይልቅ ይረክስ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላሰበውም። ስለዚህ ማን ለዘለዓለም ሊሸጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ከገበያው በፊት በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ በከፊል ተመልሶ ነበር ማለት ነው። ንቀቱ የባርነት ልጅ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ዘመድ ነበረው።

ስለ ትርፉ የተናገሩት በብርቱ ተከራክሮበታል። ሮጀር አንስቲ በ1975 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝ የባርያ ንግድ ትርፍ በአማካይ በመቶ 10 ገደማ እንደ ነበረ አሳይተዋል፤ ይህ መልካም ትርፍ ነው፤ ነገር ግን ኢንዱስትሪን ለብቻው የሚያቆም ተአምር አይደለም። በሌላ በኩል ናይጄሪያዊው የታሪክ ሊቅ ጆሴፍ ኢኒኮሪ በ2002 ባወጡት ሰፊ መጽሐፍ፣ መቈጠር ያለበት የመርከበኛው ትርፍ ብቻ ሳይሆን፣ አፍሪካውያን በአሜሪካ ያመረቱት ዕቃ የከፈተው ገበያ በሙሉ ነው ብለው ለዊልያምስ ጥብቅና ቆመዋል። በእኔ አስተያየት ኢኒኮሪ ጥያቄውን በትክክለኛው ቦታ አስቀምጠውታል።

የገንዘቡን መንገድ ለማየት የሚሻ ሰው ደግሞ ከካሣው መዝገብ የበለጠ ማስረጃ አያገኝም። በ1833 በወጣው ሕግ የእንግሊዝ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ይህ ገንዘብ ከመንግሥቱ የዓመት ወጪ 40 በመቶ ያህል ነበር። የተከፈለው ግን ለተበደሉት 800,000 ያህል ሰዎች ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነው። ለዚህ ሲባል የተገባው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የካሣውን መዝገብ አንድ በአንድ መርምረው ገንዘቡ ወደ ባቡር ሐዲድ፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ትላልቅ ቤቶች እንዴት እንደ ፈሰሰ አሳይተዋል። ዊልያምስ ይህን ምርመራ ሳያዩ ሞቱ፤ ቢያዩት ኖሮ የጀመሩት ሥራ መቀጠሉን ይመሰክሩ ነበር።

ያልታየው እርሻ

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉድለት እንምጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ስኳር ዋጋ፣ ስለ ስኳር ቀረጥና ስለ ስኳር ነጋዴዎች እጅግ ብዙ ተጽፏል። ሸንኮራው እንዴት ተተክሎ፣ እንዴት ተቈርጦ፣ እንዴት ስኳር እንደሚሆን ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚገኘው። ይህ የዝርዝር ጉድለት መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሥራውን ያላየ ሰው ባርነቱን አያይም፤ ባርነቱ እንዴት እንደ ፈረሰም አይገባውም።

በጃማይካም ሆነ በባርቤዶስ ሸንኮራ ለመትከል መሬቱ በበሬ አይታረስም ነበር። ሰዎች በሰልፍ ቆመው በዶማ አራት ማዕዘን ጕድጓድ ይቈፍራሉ፤ በየጕድጓዱም ፍግ በቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ያገባሉ። ሠራተኞቹ በጭፍራ የተከፈሉ ነበሩ፤ አንደኛው ጭፍራ ብርቱዎቹ ወንዶችና ሴቶች፣ ሁለተኛው ደካሞችና ጐረምሶች፣ ሦስተኛው ሣር የሚነቅሉ ሕፃናት ናቸው። በብዙ እርሻዎች ከአንደኛው ጭፍራ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች እንደ ነበሩ የእርሻዎቹ መዝገብ ያሳያል። ከኋላቸው ጅራፍ የያዘ አዛዥ ይሄዳል።

ሸንኮራው ከ14 እስከ 18 ወር ቈይቶ ሲደርስ ሌላ ሕግ ይመጣል። የተቈረጠ ሸንኮራ አይጠብቅም፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ጭማቂው ይበላሻል። ስለዚህ ከጥር እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ በሚዘልቀው የአዝመራ ወራት ወፍጮውና ማፍያው ቤት ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። በወፍጮው በብረት የተለበጡ ሦስት ድቡልቡል ምሰሶዎች በነፋስ፣ በውኃ ወይም በከብት ኀይል ይሽከረከራሉ፤ ሸንኮራውን በመካከላቸው የሚያጐርሱት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። እንቅልፍ ያሸነፋት ሴት ጣቷ ከተያዘ ክንዷ በሙሉ ስለሚሳብ፣ ቶሎ ለመቍረጥ መጥረቢያ በአጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ከዚያም ጭማቂው ከትልቁ የመዳብ ጋን ወደ ትንሹ እየተገለበጠ ይፈላል፤ መቼ እንደሚወርድ በዐይንና በጣት የሚያውቀው ባርያ ነው። ይህ ሰው እጅግ የሠለጠነ ባለሙያ ነበር፤ እርሱ ከተሳሳተ የዓመቱ ገቢ ወደ አተላ ይለወጣል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ሲድኒ ሚንትዝ በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ የስኳር እርሻ ገና በአውሮፓ ፋብሪካ ሳይስፋፋ እርሻንና ፋብሪካን አንድ ላይ ያጣመረ ድርጅት እንደ ነበረ ያስረዱት ይህን አይተው ነው።

የዚህ ሥራ ውጤት በቍጥርም ይታያል። በአትላንቲክ ንግድ ከአፍሪካ የተጫኑት ሰዎች 12.5 ሚሊዮን ያህል፣ በሕይወት የደረሱት ደግሞ 10.7 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆኑ ይገመታል። ወደ ጃማይካ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ገቡ፤ ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ ቢሆንም፣ በ1834 ባርነት በሕግ ሲያበቃ በደሴቲቱ የተገኙት 311,000 ያህል ብቻ ናቸው። ዛሬ አሜሪካ ወደምትባለው አገር በቀጥታ የገቡት 400,000 እንኳ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በ1860 ቍጥራቸው አራት ሚሊዮን ለመሙላት ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። በዚያ ጅራፍና ሽያጭ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ልዩነቱን ያመጡት ምክንያቶችም ከአንድ በላይ ናቸው። ከሁሉ የሚጐላው ግን ሸንኮራው ነው። ስኳር ሰው ይበላል፤ ትንባሆና ጥጥ ደግሞ ሰውን አስረው ያኖራሉ። ዊልያምስ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የባርያውን ዋጋ ያነበቡትን ያህል፣ ባርያ መግዛት ለምን በየዓመቱ እንዳስፈለገ በእርሻው ላይ ቢያነቡት ኖሮ ክርክራቸው እጥፍ ይጠነክር ነበር።

የውድቀቱ ክርክር

ሦስተኛው የመጽሐፉ ክፍል ከሁሉ ይልቅ የተናጋው ነው። ዊልያምስ እዚህ ላይ የተመሠረቱት መጽሐፉን በመታሰቢያነት ባበረከቱላቸው በሎውል ራጋትስ ጥናት ነው፤ ራጋትስ በ1928 የደሴቶቹን ባለርስቶች ውድቀት ጽፈው ነበር። ሲሞር ድሬሸር ግን በ1977 ባሳተሙት «ኢኮኖሳይድ» በተባለው መጽሐፍ የንግዱን ቍጥር እንደ ገና መርምረው፣ ከ1783 በኋላ የደሴቶቹ ድርሻ በእንግሊዝ ንግድ ውስጥ እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም እንደ ጨመረ አሳዩ። የሳን ዶሚንግ ባሮች በ1791 ተነሥተው የፈረንሳይን ታላቅ የስኳር ምንጭ ባደረቁት ጊዜ ዋጋው ወጣ፤ ያተረፉትም የእንግሊዝ ባለርስቶች ነበሩ። በ1807 ንግዱ ሲታገድ እንግሊዝ ትሪኒዳድንና ዴመራራን ይዛ ነበር፤ በነዚህ ቦታዎች ያልደከመ ለም መሬት ሠራተኛ እየጠበቀ ተኝቶ ነበር። የሚሞት በሬ ይታረዳል የሚለው ክርክር በዚህ ላይ አይሠራም፤ የታረደው በሬ ገና የሚያርስ ነበር።

ከእንግሊዝ ግዛት ውጭ ያለውን ስንመለከት ይኸው ይታያል። ኩባ በ1837 ከራሷ ገዢ ከስፔን ቀድማ ባቡር አስገባች፤ የእንፋሎት ወፍጮም ተከለች፤ ይህን ሁሉ ያንቀሳቀሱት ግን ባሮች ነበሩ። ባርነት በኩባ የቀረው በ1886፣ በብራዚል በ1888 ነው። የማንቸስተር ፋብሪካዎችም እስከ 1860ዎቹ ድረስ የሚፈትሉት ጥጥ በአብዛኛው የአሜሪካ ባሮች የለቀሙት ነበር። ዊልያምስ ራሳቸው ይህን ግብዝነት በሹል ብዕር ወግተውታል። ነገር ግን ወግተው ሲያበቁ የገዛ ክርክራቸውን እንደሚጐዳ አላስተዋሉም። ካፒታሊዝም በኩባና በሚሲሲፒ ከባርነት ጋር ተስማምቶ ከኖረ፣ በጃማይካ ብቻ ለምን ተጣላው?

ዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በዊልያምስ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ግን በመጨረሻ ተቀምጧል። መጽሐፉ ዐሥራ ሦስት ምዕራፍ አለው፤ ዐሥራ ሦስተኛው መደምደሚያ ነው። ስለ ነጋዴዎቹ፣ ስለ ፋብሪካ ባለቤቶቹ፣ ስለ ሰባኪዎቹ ዐሥራ አንድ ምዕራፍ ካለፈ በኋላ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ባሮቹ ራሳቸው ይመጣሉ። እዚያም ደራሲው በ1833 ነጻነት ከላይ ካልተሰጠ ከታች ይወሰድ እንደ ነበር በግልጥ ይናገራሉ። ይህ ታላቅ አሳብ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ መሠረት መሆን ሲገባው እንደ ጭማሪ ሆኖ ቀርቷል። የጃማይካውን ታሪክ ብቻ ብናነሣ እንኳ ይህ ይገለጣል።

ሳሙኤል ሻርፕ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የነበረ፣ ማንበብ የሚችል ባርያ ነበር። ጋዜጣ እያነበበ በለንደን ስለ ባርነት የሚደረገውን ክርክር ይከታተል ነበር። በ1831 ከጸሎት ስብሰባ በኋላ የሚያምናቸውን ሰዎች እያስቀረ፣ ከገና በዓል በኋላ ደመወዝ ካልተከፈላቸው ወደ ሥራ እንዳይመለሱ አስማላቸው። ታኅሣሥ 27 ቀን 1831 በኬንሲንግተን እርሻ እሳት ተነሣ፤ አድማውም ዐመፅ ሆነ። እስከ 60,000 የሚደርሱ ባሮች እንደ ተካፈሉ ይገመታል። የተገደሉት ነጮች 14 ብቻ ሲሆኑ፣ ዐመፁ ሲታፈን ከ200 የሚበልጡ ባሮች በውጊያው አለቁ፤ ከ300 በላይ ደግሞ በፍርድ ስም ተገደሉ። ሻርፕ በግንቦት 1832 በሞንቴጎ ቤይ አደባባይ ተሰቀለ። ባርነት የሚያበቃበት ሕግ በለንደን የጸደቀው ከዚህ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ፣ በነሐሴ 1833 ነው። ጃማይካ ሻርፕን በ1975 ብሔራዊ ጀግናዋ ብላ ሰይማዋለች።

አሁን አንባቢዬ ወደ እርሻው ተመልሶ ያስብ። አድማው ለምን ከገና በኋላ ሆነ? በገና ባሮቹ ጥቂት ቀን ዕረፍት ስላላቸው ለመመካከር ይመቻቸዋል፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ከበዓሉ ማግስት አዝመራው መጀመሩ ነው። ሸንኮራው ደርሶ ቆሟል፤ ካልተቈረጠ ይደርቃል፤ ተቈርጦ ካልተጨመቀ ይበላሻል። ማፍያው ቤት የሚያውቀውን ሰው ይፈልጋል። ጌታው በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ሳምንት የባርያው እጅ አስፈልጎት አያውቅም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት በወፍጮው ፊት ሌሊቱን የቆሙት ሰዎች ናቸው። ሥራው ያሰራቸው እነርሱን ነበር፤ በሥራው የታሰረው ግን ጌታውም ጭምር መሆኑን ተረዱ። እንግዲህ ለካፒታሊዝም ባርነት በጃማይካ አላዋጣው ያለው በራሱ ጊዜ አርጅቶ አይደለም፤ ባሮቹ እንዳያዋጣ አድርገውት ነው። ወታደር መላክ፣ የተቃጠለ እርሻ መተካት፣ ሌላ ሳን ዶሚንግ ይነሣል ብሎ መፍራት፣ ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ በመዝገብም የሚጻፍ ነው። በባርቤዶስ በ1816፣ በዴመራራ በ1823 የተነሡትም ዐመፆች በዚሁ ሒሳብ ላይ ተደምረዋል።

ሳን ዶሚንግም ከሁሉ በፊት መነሣት ያለባት ስለዚህ ነው። በ1789 በዚያች ግዛት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ባሮች ነበሩ፤ በአውሮፓ ይጠጣ ከነበረው ቡና ትልቁን ድርሻ የሚያመርቱት እነርሱ ናቸው። ቡናው ከእኛ ምድር በየመን አልፎ በፈረንጆች እጅ እዚያ የደረሰ ተክል ነው። በነሐሴ 1791 ተነሥተው፣ የፈረንሳይን፣ የእንግሊዝንና የስፔንን ጦር ተራ በተራ ተቋቁመው፣ በ1804 ሄይቲ የተባለችውን ነጻ አገር አቆሙ። የዊልያምስ መምህር ጀምስ ስለዚህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ተማሪያቸው ከመምህራቸው የተቀበሉትን ወደ አንድ ምዕራፍ ማሳጠራቸው ያሳዝናል።

ስለዚህ በክፍላችን የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል ማለት ይቻላል። በተረታችን የበሬው ምስጋና ለፈረሱ እንደ ተሰጠ፣ የባሮቹ ምስጋና አንድ ጊዜ ለሰባኪው፣ ሌላ ጊዜ ለነጋዴው ተሰጥቷል። ይህን ስል ሰባኪዎቹ ምንም አልሠሩም ማለቴ አይደለም፤ በመላው እንግሊዝ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው አቤቱታ ላይ መፈረሙ፣ ሴቶችም በባርያ ጕልበት የተመረተውን ስኳር አንገዛም ማለታቸው እውነተኛ ኀይል ነበር። ነገር ግን ስለ ማን ይፈርሙ ነበር? በጃማይካ ስለ ተሰቀሉት ወሬ ሰምተው ነው። ርኅራኄው የበረታው ከዐመፁ በኋላ ነው፤ ሕሊናም ዜና ያስፈልገዋል።

ስለ ገዛ ቃላችን

ይህን መጽሐፍ በአማርኛ ለመወያየት ስንነሣ አንድ ችግር ያጋጥመናል፤ ችግሩ «ባርያ» የሚለው ቃል ነው። በአገራችን ባርነት በ1942 በአዋጅ ተሽሯል፤ ከዚያ በፊት አብዛኛው ባርያ የኖረው በጌታው ቤትና ጓሮ ውስጥ ነው። የአገራችን አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ውኃ የሚቀዳና እንጨት የሚሰብር የቤት አገልጋይ ይታየው ይሆናል እንጂ፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጅራፍ ሥር ለገበያ የሚያመርትበት እርሻ አይታየውም። ይህን ልዩነት የማነሣው የእኛው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ ከእናቱ ተነጥቆ የተሸጠ ልጅ የሚሸከመው እንጨት ይሁን ሸንኮራ ኀዘኑን አያቀለውም። የማነሣው መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ምን ዐይነት ሥራ እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ይበልጥ ይከብዳል። ዊልያምስ የሁኔታ ስም የመልክ ስም ሊሆን እንደሚችል አስተምረዋል፤ ሰውየው መጀመሪያ በሥራው ይጠራል፤ በኋላ ሥራው ቀርቶ ስሙ በቆዳው ላይ ይቀራል። ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ባርቤዶስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። አዋጁ ከወጣ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ቃሉ ግን ዛሬም የማንንም ጌትነት ሳያመለክት በመልክ ብቻ ለሰው ይሰጣል። በግቢያችን በቀልድ መልክ የሰማሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። የእንግሊዝን ግብዝነት በዊልያምስ ብዕር ተደግፈን ስንነቅፍ፣ ይህን በአንደበታችን ይዘን መሆኑን ልናስታውስ ይገባል።

መደምደሚያ

«ካፒታሊዝምና ባርነት» በብዙ ቦታ የተነቀፈ፣ በአንዳንድ ቦታም የተሸነፈ መጽሐፍ ነው። ሆኖም የተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከእርሱ የተነሡ ናቸው፤ አንስቲም ሆነ ድሬሸር፣ ኢኒኮሪም ሆነ የካሣው መዝገብ መርማሪዎች ከዊልያምስ ጋር ሳይነጋገሩ አንድ ገጽ መጻፍ አልቻሉም። ባርነት የአንዳንድ ክፉ ሰዎች ኀጢአት ብቻ ሳይሆን የአንድ ሥልጣኔ የገቢ ምንጭ እንደ ነበረ ከዊልያምስ ወዲህ መካድ አይቻልም። ይህ ለአንድ የሠላሳ ሦስት ዓመት ወጣት ሥራ ታላቅ ውጤት ነው።

መጽሐፉን ገና ላላነበቡት ጓደኞቼ ግን አንድ ምክር አለኝ፤ ከዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ጀምረው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። በዚህ ዐይነት የሚያነብ ሰው በየገጹ የሚያገኘውን የፓውንድና የሽልንግ ቍጥር በሌላ ዐይን ይመለከተዋል። እያንዳንዱ በርሜል ስኳር በማፍያው ቤት ሌሊቱን ያልተኛ ሰው እንደ ነበረው ያስታውሳል፤ ያም ሰው ድስቱን የሚያወርድበትን ሰዓት እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ሥራ የሚያቆምበትንም ሰዓት ያውቅ እንደ ነበረ አይዘነጋም።